እህቴ አዲስ አበባ ደርሷታል፤ ዶርም ትግባ ወይስ አያት ሰፈር አክስታችን ጋ ትቀመጥ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሁልጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ምክራችሁን ፈልጌ መጣሁ። ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል። ሶሻል ናት፣ ስድስት ኪሎ ተብላለች። እኛ ደሴ ነን። እናቴ ውጤቱን የሰማች ቀን እልልታዋ ጎረቤት ሰበሰበ፤ ማታ ላይ ግን "ልጄ የት ነው የምታድረው?" ብላ ጀመረች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፣ እሷም አልተኛች እኛንም አላስተኛች።

አያት ኮንዶሚኒየም የምትኖር አክስት አለችን፣ የእናቴ ታናሽ። "እኔ እያለሁ ልጄ ዶርም? ሰው ምን ይለኛል!" ብላለች። እህቴ ደግሞ ዶርም ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ናት። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ቀን ስላደረች ዶርምን ያወቀችው መስሏታል። አጎቴ ደግሞ ሦስተኛ ሐሳብ አመጣ፦ ከጓደኛዋ ጋር ሆነው ግቢው አጠገብ ክፍል ይከራዩ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ዶርም ከሆነ የትኛው ብሎክ፣ ስንተኛ ፎቅ ነው የሚሻለው፣ ስትመዘገብ መምረጥ ትችላለች? ከሦስቱስ እናንተ ብትሆኑ የቱን ታደርጋላችሁ?

ጂሲ ነኝ በቃ፦
አይመረጥም ብሮ። ስም ዝርዝር ይለጠፋል፤ ብሎክ ይሄ፣ ክፍል ይሄ፣ አለቀ። አራተኛ ዓመቴ ነው፣ "የቱን ትፈልጋለህ?" ያለኝ ሰው እስካሁን የለም። የሚመረጠው አልጋ ነው፣ እሱም ቀድሞ ለደረሰ። በጥሪው የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ትገኝ። እኔ በሁለተኛው ቀን ደርሼ በሩ አጠገብ ያለው የላይኛው አልጋ ነው የቀረኝ። ማብሪያ ማጥፊያው ክንዴ ሥር። ዓመቱን ሙሉ "እስቲ አጥፋው"፣ "እስቲ አብራው" እየተባልኩ ኖርኩ፤ ተኝቼ ሁሉ ቀስቅሰውኛል።

ሁለተኛው ጥያቄ መልሱ ዶርም ነው። መጠየቁም አያስፈልግም።

ሳሎን አዳሪ፦
እኔ አንደኛ ዓመትን ዘመድ ቤት፣ ሁለተኛ ዓመትን ዶርም ስለኖርኩ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ።

አጎቴ ቤት ነበርኩ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ይህን አስቀድሜ ልበል፤ ዛሬም ለበዓል የምሄደው እነሱ ጋ ነው። ግን አልጋዬ የሳሎኑ ሶፋ ነበር። ሶፋ ላይ የሚተኛ ሰው የሚተኛው ሲደክመው ሳይሆን የመጨረሻው እንግዳ ሲሄድ ነው። አጎቴ ማታ ዜና ያያል፣ ከዜናው በኋላ ሚስቱ ድራማዋን ታያለች፣ ከዚያ ልጆቹ "አንቺ ዩኒቨርሲቲ አይደል የምትማሪው?" ብለው የቤት ሥራቸውን ይዘው ይመጣሉ። እኔ የማጠናው የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ነበር፣ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መካከል፣ እዚያ ያለው አምፖል ብቻ ስለሚሠራ። ሎጂክ ያለፍኩት እዚያ ደረጃ ላይ ነው። የሚወጣ የሚወርድ ሁሉ ሰላም ይለኛል፣ እኔም ተነስቼ ሰላም እላለሁ፣ ገጹን ደግሞ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ኋላ ብረት ነው ይባል የለ። ብረት የሆንኩት ኅዳር ላይ ይመስለኛል። ማንም ምንም አላለኝም፣ እኔው ራሴ ነኝ የታወቀኝ። ሁለተኛ እንጀራ ለማንሳት እጄ መፍራት ጀመረ።

የመገናኛ ሰልፈኛ፦
አያት የሚለውን ሳነብ ገና እግሬን አመመኝ። ወንድሜ፣ አያትና ስድስት ኪሎ ካርታ ላይ አንድ ከተማ ናቸው እንጂ በሥራ ሰዓት ሁለት ክፍለ ሀገር ናቸው። ባቡሩ ከአያት መገናኛ ያደርሳታል፣ ከዚያ ግን ወደ አራት ኪሎ አይሄድም፤ በስታዲየምና በሜክሲኮ አድርጎ ጦር ኃይሎች ነው መጨረሻው። ስለዚህ መገናኛ ወርዳ ታክሲ ሰልፍ ትይዛለች። ጠዋት የሁለት ሰዓት ክፍል ካላት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከቤት መውጣት ነው። ማታው ደግሞ ይብሳል፤ ላይብረሪው ሞቅ የሚለው እሷ ሰልፍ ልትይዝ በምትወጣበት ሰዓት ነው። ዝናብ ከመጣ ታክሲ የሚባል ነገር ይረሳ።

የቀበናዋ እናት፦
ሁላችሁም ዶርም ዶርም ትላላችሁ፣ እኔ ግን ልጅ ያስገባሁ እናት ነኝና አንድ ነገር ልናገር። የጦሳ ልጅ፣ ወንድሜ፣ እናትህን አትሳቁባት። የመጀመሪያዋ ልጄ ሌላ ከተማ ነበር የደረሳት፣ ግቢውን አልጠራም። ውኃ በሦስት ቀን አንዴ ከመጣ ነው፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ "መጣ!" ተብሎ ይጮኻል፣ ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ይሮጣል። ትኋኑን አታንሱት። ልጄ በሁለተኛው ወር ታማ ስትደውልልኝ ከጎኗ የነበረው ዶርምሜቷ እንጂ እኔ አልነበርኩም። ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

አክስት ባለበት ከተማ ልጅን ከማያውቋት ጋር ማስተኛት ለምን ያስፈልጋል? ቢያንስ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ትልመድ።

ጂሲ ነኝ በቃ፦
እትዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያቺን ሌሊት ሐኪም ቤት የወሰዳት ማን ነበር?

የቀበናዋ እናት፦
ዶርምሜቷ ናት። ከሀዲያ የመጣች ልጅ። ጫማዋን ሳታጠልቅ በነጠላ ጫማ ነው ተሸክማት የወጣችው። ገባኝ፣ ገባኝ የምትለው። ግን እናት አይደለህም።

ደላላ ያቃጠለው፦
የአጎትህን ሐሳብ ቶሎ ቅበሩት። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፣ ካዛንቺስም ፈረሰ፤ እዚያ ይኖር የነበረው ተከራይ አየር ላይ አልቀረም፣ ወደ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ፈረንሳይ፣ ሽሮ ሜዳ ነው የተበተነው። ግቢው አጠገብ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ካገኘህ ደላላው ከአንተ ይልቅ ራሱ ይደነቃል።

ካገኛችሁ ደግሞ ሕጉን እወቁ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ዝቅተኛው ዘመን ሁለት ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። እኔን አከራዬ ስድስት ወር አስከፍለውኝ በአራተኛው ወር "ልጄ ከዓረብ አገር መጣች" አሉኝ። ወረቀት ስላልነበረኝ ሕጉን ለማን ልንገረው? ደግሞ ሁለት የ18 ዓመት ልጆች፣ የአከራይ ግቢ ውስጥ የምትገኝ ክፍል፣ በር የሚዘጋው በባለቤቶቹ ሰዓት። ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) ያስጠላቸው ልጆች አከራይ ሲያጋጥማቸው ፕሮክተሯን ይናፍቃሉ።

የ64ቱ ተማሪ፦
ልጆች፣ እኔ የገባሁት በ1964 ዓ.ም. ነው፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር። ግቢው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል ለጎብኚ ክፍት ነው። እህትህ ግቢው ውስጥ ከሁሉ የሚሻለው መኝታ የቱ እንደሆነ ከጠየቀች እሱን አሳያት። ለፍሬሽ፣ ለአዲስ ገቢ፣ አይሰጥም እንጂ።

የመጀመሪያዋን ሌሊት አልረሳትም። ከጎሬ የመጣ ልጅ ከላዬ ተኝቷል። እኩለ ሌሊት ላይ ከጎናችን ከነበረው አንበሳ ግቢ አንበሳው አገሳ። ልጁ ከላይ ወረደና አልጋዬ ላይ ቁጭ አለ። "የት ነው ያለነው?" አለኝ። እኔም አላውቅም ነበር፣ የመጣሁት ከደብረ ማርቆስ ነው፤ አንበሳ በስብከት እንጂ በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም። እስኪነጋ ስለ አገራችን አወራን።

በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ሁላችንም ተበታተንን። ከክፍሌ ልጆች እስከ ዛሬ የማገኘው እሱን ብቻ ነው፤ የትልቁ ልጄ ክርስትና አባት ነው። ዘመድ ቤት አድሬ ቢሆን ኖሮ ከጎሬ ሰው ጋር በምን እተዋወቅ ነበር?

የጦሳ ልጅ፦
አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት፤ ስለ ልጁ ሳይሆን "አንበሳው አሁንም አለ?" ብላ ነው የጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

የ64ቱ ተማሪ፦
አጥሩ ጠንካራ ነው በላት።

ፕሮክተር ነበርኩ፦
እኔ በሌላ ክልል ግቢ አምስት ዓመት ፕሮክተር ነበርኩ፣ የሴቶች ብሎክ። አሠራሩ ከግቢ ግቢ ይለያያል ግን ብዙም አይራራቅም። ዝርዝሩ ከሬጅስትራር ይመጣል፣ በትምህርት ዘርፍና በፊደል ተራ እንደረድራቸዋለን። ለዚህ ነው አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት "ሀያት" እና ሁለት "ሄለን" የሚገጥማችሁ። ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለባት ልጅ የሐኪም ማስረጃ ካመጣች ምድር ቤት እናደርጋታለን፤ ይህን ሰው ስለማያውቀው ነው በደረጃ የሚሠቃየው። አስም ካለባት፣ ቀዶ ሕክምና ካደረገች፣ ወረቀቷን በመጀመሪያው ቀን ይዛ ትምጣ። በሦስተኛው ሳምንት ብትመጣ ምድር ቤቱ ሞልቷል።

ክፍል መቀየር የሚፈልጉ ደግሞ ሁለቱም ከተስማሙ ቆይተው ይምጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይቀየርልኝ ይላል፣ በወሩ የሚጠይቅ የለም።

አሁን ዋናው፦ ዕቃ ስትረከብ የምትፈርመው ቅጽ አለ። ፍራሽ፣ ሎከር፣ ወንበር፣ የመስኮት መስታወት፣ ቁልፍ። ፍሬሾች ሳያዩ ነው የሚፈርሙት። መስታወቱ ተሰንጥቆ ከሆነ "የተሰነጠቀ" ብላ እዚያው ታስጽፍ፣ ሎከሩ መዝጊያው ከወለቀ እሱንም። ያለበለዚያ ክሊራንስ ላይ፣ ዕቃውን መልሳ ስትወጣ፣ ያልሰበረችውን ትከፍላለች። አልቅሳ የከፈለች ልጅ አይቻለሁ፤ እኔም ሳላምናት ቀርቼ አይደለም፣ ፊርማዋ ስላለ ነው።

ኪሎሜትር ቆጣሪ፦
ማንም ያላነሳው፦ ካምፓሱ ለዘለዓለም አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢ አይደለም፤ ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ልደታ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ኮሜርስ እያለ ይሄዳል። ከአንደኛ ዓመት በኋላ የምትመርጠው ዲፓርትመንት ግቢዋን ሊቀይረው ይችላል። ግቢው አጠገብ ለሁለት ዓመት ውል መግባት የማያዋጣው አንዱ በዚህ ነው። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ መንገድ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፣ ሉሲ ጎረቤቷ ናት። ልደታ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

የጦሳ ልጅ፦
ዶርም ነፃ ነው የሚሉም አሉ፣ ይከፈላል የሚሉም አሉ። የቱ ነው?

ፕሮክተር ነበርኩ፦
በመንግሥት የተመደበ ተማሪ አሁን ከኪሱ አያወጣም ማለት እንጂ ነፃ ማለት አይደለም። በወጪ መጋራት ደንብ የምግብና የመኝታው ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶው ተማሪው ላይ ይመዘገባል፤ ሥራ ሲይዝ ከገቢው እየተቆረጠ ይከፈላል። በየዓመቱ ውል ትፈርማለች፣ ቅጂውን ታስቀምጥ። ካፌ ካልበላች፣ ዶርም ካልወሰደች ያንን በጊዜ አሳውቃ ታስተካክል፣ ያልበላችውን እንዳይጽፉባት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በአዋጅ 1294/2015 ወደ ራስ ገዝነት ከገቡት ስለሆነ ክፍያን በተመለከተ እዚህ የተጻፈውን ሳይሆን የዘንድሮውን ማስታወቂያ ከሬጅስትራር ተከታተሉ። የእኛ ዘመን የእኛ ነው።

መንታ መንገድ፦
መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዶርሙን ትውሰድ፣ አክስቷ ጋ ትቀመጥ። አልጋው ይቆይላት፣ ፈተና ሲደርስ ትገባበታለች። እኔ ያደረግኩት ይሄንን ነው።

ሳሎን አዳሪ፦
እና አንተ ባዶ ባስቀመጥከው አልጋ ምክንያት ላይብረሪ ወንበር ላይ ያደረው ልጅስ? ከገጠር የመጣ፣ ከተማው ውስጥ አንድም ሰው የማያውቅ አለ። አልጋ ይዞ አለማደር ነውር ነው። ወይ ይደርበት ወይ ይመልሰው።

መንታ መንገድ፦
እኔ አንድ አልጋ በመመለሴ የአገሪቱ የዶርም እጥረት ይፈታል? ግን እሺ፣ ነውር ካልሽው ተውኩት።

ፕሮክተር ነበርኩ፦
አይፈታም፣ ግን ፍተሻ ላይ ሦስት ሌሊት ያልተገኘችን ልጅ አልጋ ለሌላ የምንሰጥበት ጊዜ ነበር። ዕቃዋን ኮሪደር ላይ ስታገኘው ሕጉን ታነባለች።

የቦርከናዋ፦
የደሴ ልጅ መሆኗን አይቼ ነው። እኔም ከኮምቦልቻ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ፣ ሦስት ዓመት ዶርም ኖሬያለሁ። እናቴ የፈራችው ረመዳንን ነበር፣ "ሱሁር ማን ይቀሰቅስሻል" ትለኝ ነበር። የቀሰቀሰችኝ ከላሊበላ የመጣች ልጅ ናት። እሷ ሌሊት ተነስታ ትጸልያለች፣ ስትጨርስ እግሬን ትነቀንቃለች። በሁዳዴ ደግሞ እኔ እናቴ የላከችልኝን ቆሎ ለእሷ አካፍላታለሁ። አንድ ቀን እንቅልፍ ጥሏት ሳትቀሰቅሰኝ ነጋ፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች ቀኑን ሙሉ ያዘነችው።

ስለ ስንቅ፦ በሶ በደንብ ይያዝ፣ ዳቦ ቆሎም። ግን ሁሉንም በመጀመሪያው ቀን አታውጣው በሏት፣ በሁለተኛው ቀን ጆንያው ይገለበጣል። ስድስት ኪሎ እንጦጦ ሥር ነው፣ ብርዱ ከደሴ አይተናነስም፤ ወፍራም ብርድ ልብስ። አንድ ሜትር ተኩል አቡጀዲ ትያዝ፣ የታችኛው አልጋ ከደረሳት በገመድ ወጥራ መጋረጃ ታደርገዋለች። ያቺ ጨርቅ ቤት ናት። ጓጉንቸር ሁለት፣ አንዱ ለሎከር አንዱ ለሻንጣ፤ አዲስ አበባ ግቢው በር ላይ የሚሸጠውን አትግዙ፣ በፀጉር መቆንጠጫ ይከፈታል። ነጠላ ጫማ ለሻወር። ዲቫይደር (የሶኬት ማባዣ)። ምድጃና ውኃ ማፍያ አትያዝ፣ ይወረሳል።

ጂሲ ነኝ በቃ፦
ውኃ ማፍያውን ደብቆ መያዝም ይቻላል...

ፕሮክተር ነበርኩ፦
የት እንደምትደብቁት አውቃለሁ። ፍራሹ ሥር፣ የቆሸሸ ልብስ ከረጢት ውስጥ፣ ጣሪያው ላይ።

የጦሳ ልጅ፦
እስካሁን ያልነገርኳችሁ አለ። አክስቴ ልጅ የላትም። "ሰው ምን ይለኛል" የምትለው እሱ አይመስለኝም። ክፍሉን ቀለም አስቀብታለች፣ ፎቶ ልካልናለች፣ መጋረጃው ሮዝ ነው። እህቴ ፎቶውን አይታ ዝም አለች። አሁን እምቢ ማለት እንዴት ነው የሚቻለው?

የቀበናዋ እናት፦
ይኸውልህ፣ አሁን እኔም ዞርኩ። አክስትህ ተማሪ አይደለም የፈለገችው። ቅዳሜና እሑድ ታግኛት። አርብ ከሰዓት ትሂድ፣ ልብሷን እዚያ ትጠብ፣ እሑድ ማታ በምግብ ሣህን ተጭና ትመለስ። ግን ይህን የምትነግራት እህትህ እንጂ አንተ አይደለህም፣ በስልክም አይደለም። ትሂድና ቡና አፍልታላት ትንገራት። ክፍሉ የእሷ ክፍል ሆኖ ይቆይ።

ሳሎን አዳሪ፦
ይሄ ነው። እኔ የራሴ ክፍል ኖሮኝ ቢሆን፣ ሮዝ መጋረጃም ቢሆን...

(ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ)

የጦሳ ልጅ፦
ጠፍቼ ነበር፣ ይቅርታ። እህቴ ገብታለች፣ ዶርም ናት። በጥሪው የመጀመሪያ ቀን ጠዋት እንድንደርስ ከደሴ በዋዜማው ተነስተን ነበር፤ ጣርማ በር ላይ ጉሙ አላስኬድ አለና ደብረ ሲና አደርን። ግቢው በር ላይ ስንደርስ ቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። እህቴ ከመፈረሟ በፊት እናቴ ፍራሹን ገልብጣ አየችው፣ ሎከሩን ሦስት ጊዜ ከፈተች ዘጋች፣ የመስኮቱን ስንጥቅ አስጻፈች። ፕሮክተሯ "እናትየው ከዚህ በፊት እዚህ ሠርተዋል?" አለችኝ።

ቅዳሜ አክስቴ ጋ ሄዳ ቡናውን አፈላች። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም። አክስቴ ግን እሑድ ራሷ አድርሳታለች፣ በሁለት ሣህን ምግብና በአንድ ጀሪካን ውኃ፣ "እዚያ ውኃ የለም አሉ" ብላ። ክፍሉ ድረስ ወጥታ ልጆቹን በስማቸው ጠይቃለች። አንዷ ከጂንካ ናት፣ አንዷ ከአሰላ፣ ሁለቱ ሄለን ናቸው።

ጂሲ ነኝ በቃ፦
አልጋውስ?

የጦሳ ልጅ፦
የላይኛው። በሩ አጠገብ። ማብሪያ ማጥፊያው ክንዷ ሥር።